የአገኘሁሽ መዳፍ

አሶሳ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያየው ቢሮውን ነው፤ ቀጥሎ የሚያየው የአገኘሁሽን ጠጅ ቤት ነው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠውም አይጠፋም። ቤቱ ከከተማው አስፋልት በዕድሜ ይበልጣል። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ቀርከሃ ነው፤ አግዳሚዎቹን የስንት ዓመት ሱሪ ፈትጎ ፈትጎ አልስልሷቸዋል። አስተማሪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው ከየአገሩ መጥቶ የመጀመሪያ ዓመት ናፍቆቱን እዚያ ተቀምጦ አሳልፏል። ሰዉ እየተዛወረ ይሄዳል፤ አግዳሚው ሌላ ተመዳቢ ይቀበላል።

አገኘሁሽ እዚህ አገር የደረሰችው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በሰፈራው ጊዜ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከወሎ አብረዋት የመጡት ወንድሞቿ እርሻው ላይ ሲቀሩ፣ እሷ ከተማ ገብታ ወንበራ ተወልደው ካደጉት ከእማማ ሰብለወንጌል ዘንድ ብርሌ አጣቢ ሆነች። እማማ ልጅ አልነበራቸውም። ሲሞቱ ቤቱን ከነጋኑና ከነአንድ ሕጉ ለእሷ ትተውላት ሄዱ።

ሕጉ ይህ ነው፦ ለእንግዳ ከመቀዳቱ በፊት ጠጅ ጣይዋ ከማንቆርቆሪያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እንግዳው እያያት ትቀምሳለች። ወጉ በሌላም ቤት አለ፤ ድሮ መርዝ የለበትም ለማለት ነበር፣ ዛሬ ለወጉ ያህል ነው። እማማ ሰብለወንጌል ግን አይቀልዱበትም። ጠጁ ካልጣማቸው ቤቱ በሰው ጢም ብሎ እያለ ብርሌዎቹን አንድ በአንድ አፋቸውን ደፍተው፣ «ዛሬ የለም» ይላሉ። «የማታውቂውን ለሰው አታጠጪ» ይሏት ነበር። አገኘሁሽ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብርሌ የደፋችው አራት ቀን ብቻ ነው። ደንበኞቿ እነዚያን አራት ቀናት ከድግስ ቀን ይልቅ ያስታውሷቸዋል፤ እምነታቸው የመጣው ከዚያ ነውና።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን አንድ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ተዋት፤ አፍንጫዋና ምላሷ ግን ሳይመለሱ ቀሩ። ሽሮውም ምስሩም አንድ ሆነባት። ይመለሳል ብላ አንድ ወር ጠበቀች፣ ሁለት ወር ጠበቀች፣ ከዚያ መጠበቁንም ተወችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጣዕም የማታውቅ ጠጅ ጣይ ማን ደጅ ይረግጥላታል? ሥራውን እጇ ያውቀው ስለነበር አላቆመችም። ጌሾውን በእፍኝ ትለካለች፣ ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች፣ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ደግና ፍላቱን ታዳምጣለች። እንግዳ ሲመጣም መዳፏን ቀምሳ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ይህ ውሸት ነው። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም፤ እሷም አላወጣችለትም። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእማማ ሰብለወንጌል ፎቶ ቀና ብላ ካየች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ውሸቱ ሁለት ዓመት ሳይነቃ ኖረ። ዘንድሮ ግን ኦመር ሌላ ማር ይዞ መጣ። ኦመር የበርታ ሰው ነው፤ ማር አቅራቢዋ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሙስሊም ስለሆነ ጠጅ አይነካም፤ ለእሱ የሚቀዳለት ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ነው። ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ «አገኘሁሽ፣ ዘንድሮ አበባው ሌላ ነው። ግራዋ በዝቷል። ቀምሰህ እይ» አላት። በእሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንተ ነው። እሷም ጣቷን ነክራ ላሰችና፣ «ጥሩ ነው፣ አውርደው» አለችው። ኦመር ትንሽ ቆም ብሎ አያት። ከዚያ አወረደው።

ማሩ መራራ ነበር። በመራራ ማር ላይ የለመደችውን ያህል ጌሾ ጨመረችበት። ጠጁ ደርሶ ሲቀዳ ደንበኛው ፊቱን ቋጠረ፣ ብርሌውን ከግማሽ ሳያጎድል አስቀመጠ፤ የተነፈሰ ሰው ግን የለም። እሷ ፊታቸው ቀምሳ ራሷን ነቅንቃለች፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? እያንዳንዱ ሰው የገዛ አፉን ጠረጠረ። አሶሳ ደግሞ ለዚህ ሰበብ አይጠፋም፤ የወባ መድኃኒት የዋጠ ሰው ውሃም ይመረዋል። አገኘሁሽ የተረፈውን ብርሌ ስትሰበስብ አንድ ነገር እንደጎደለ ይገባታል። ልትጠይቃቸው ደግሞ አትችልም፤ የቀመሰ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰውዬ ወርደው፣ ከግቢው ቀርከሃ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። አስተማሪው የሻው ነበሩ። እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወሩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ልጃቸው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥራ እሷን ሊጠይቁ፣ አንድ ወርም ሊሰነብቱ መጥተዋል።

«አገኘሁሽ! አለሽ?»

«ጋሼ የሻው! በሞትኩት! እርስዎ ነዎት?»

አገላብጠው ተሳሳሙ። የድሮ ቦታቸው ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የመሬት አስተዳደሩ ይልቃል ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ ብሎ ለቀቀላቸው። «ልጄ፣» አሉት ሲቀመጡ፣ «በየደረስኩበት ጠጅ ጠጥቼ፣ ‹የአገኘሁሽን ሳትቀምሱ ጠጅ ቀመስን አትበሉ› ስል ነው የኖርኩት። ደብረ ማርቆስ ሰዎች በዚህ ይስቁብኛል።»

አገኘሁሽ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀዳችላቸው። የሻው ብርሌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ቀለሙን አዩና አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ብርሌውን አስቀመጡት።

«አገኘሁሽ፣ ይሄ ይመራል።»

ይልቃል ደንግጦ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እትዬ ቀምሳዋለች እኮ! መንገዱ አድክሞዎት ይሆናል» አለ። ሌላው፣ «የአየር ለውጥም አፍ መራራ ያደርጋል» ሲል ጨመረ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ መውጫውን በር ወለል አድርገው ከፈቱላት። የቀራት «ይሆናል፣ ጋሼ» ብሎ መውጣት ብቻ ነበር።

የሻው ብርሌውን እንደገና አነሱ። እንደገና ቀመሱ። ትከሻቸው ወደቀ።

«ልክ ናችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሷማ አትሳሳትም። የሰባ ዓመት ምላስ ነው፤ ሞቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይህችን ቀምሼ ልሙት ብዬ ነበር የመጣሁት።» ሊጨርሱት ብርሌውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ እንደ መድኃኒት ሊጨልጡት።

አገኘሁሽ እጃቸውን ያዘች። አንድ ሰው በእሷ ውሸት የገዛ ምላሱን ሲቀብር ቆማ ማየት አልቻለችም።

«የሞተው የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «የእኔ ነው። ሁለት ዓመቴ ነው። ሽታም ጣዕምም የለኝም። ስቀምስላችሁ የከረምኩት ውሸቴን ነው።»

ብርሌውን ከእጃቸው ወስዳ አፉን ደፋችው። ከዚያ የይልቃልን፣ ከዚያ የሌሎቹን፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ባዶዎች ደፋች። «ዛሬ የለም» አለች። እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ያወጣው መራራ ማር ሆነ።

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። መጀመሪያ የተናገረው ይልቃል ነው፦ «እኔ'ኮ ወር ሙሉ የወባ መድኃኒቱን ስረግም ነው የከረምኩት!» አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሁሉም አፉን እንደጠረጠረ አመነ። የሻው ብቻ አልሳቁም። «ሁለት ዓመት ብቻሽን?» አሏት።

በማግስቱ ኦመርን አስጠርታ ነገረችው። ኦመር አልደነቀውም። «ማሩን ቀምሰህ ‹ጥሩ ነው› ስትለኝ ገርሞኝ ነበር» አላት። «ግን እኔን እንዳታሳፍር ዝም ያልክ መሰለኝ። ሰው ጥሩ ነው ካለ ምን ይባላል?» በሦስተኛው ቀን ከሌላ ጫካ የተቆረጠ ማር ይዞ መጣና፣ ብርዙ ሲበረዝ ከጋኑ አጠገብ ተቀምጦ ቀመሰላት። «ውሃ በዝቷል» አለ፤ ማር ጨመረች። «አሁን በቃ» አለ፤ ተወች። ጌሾው ከገባ በኋላ ያለው ግን የእሱ ድርሻ አልነበረም።

ጋኑ የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የሻው ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ወሬው ከተማውን አዳርሶት ስለነበር ቤቱ ሞልቷል። ደጅ አይረግጡልኝም ብላ የፈራቻቸው ሰዎች አግዳሚው አልበቃቸው ብሎ ቆመዋል። አገኘሁሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች። ልማድ ነውና ግራ መዳፏ በራሱ ተዘረጋ። አየችውና መልሳ ሰበሰበችው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

የሻው ዘረጉ። ጠብ አደረገችላቸው። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት፤ እሷ ፊታቸውን እያየች ጠየቀች።

«ምን ይላል?»

«ማሩ ቀድሞ ይመጣል» አሉ። «ለዘብ ያለ ነው፣ ጉሮሮ አይዝም። ጌሾው ከኋላ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ፈጥነሽ ከፍተሽዋል፤ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ከመቶ ሰማንያ።»

«ሰማንያ ያልፋል?»

«ያልፋል እንጂ!»

ቤቱ አጨበጨበ። አገኘሁሽ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደና ተመለሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ የራሷን ጠጅ ጣዕም ስታውቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። ከዚያ ይልቃል መዳፉን ዘረጋ፤ ከጎኑ ያለውም ዘረጋ፤ ከበሩ ላይ የቆመውም እጁን በሰው ትከሻ አሻግሮ ዘረጋ። በተራ በተራ ጠብ አደረገችላቸው፤ እያንዳንዱንም «ምን ይላል?» እያለች ጠየቀች፤ መልሱን ሳትሰማ ወደሚቀጥለው አላለፈችም።