«ተቀበል» ያለኝ ድሬሰር

እኔ አዝማሪ ነኝ። «ተቀበል» ብሎ ግጥም ለሚሰጠኝ ሰው፣ እንቅልፍ ላይ ብሆን እንኳ ተቀብዬ አዜማለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ጉልበቴ አላስኬድ ቢለኝ መሰንቆዬን አንግቤ ጎንደር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ድሬሰሩ ክኒን በመስኮት ዘርግቶ «አያ ደርሶ፣ ተቀበል! ጠጅ እንዳትቀምስ!» አለኝ።

እጄ ሳላዘው መሰንቆውን ገዘገዘ። «ጠጅ እንዳትቀምስ!» ብዬ አዜምኩ።

«ምነው፣ ትቀልዳለህ?» አለ።

«ምነው፣ ትቀልዳለህ!» ብዬ ተቀበልኩ።

«ጮማ ተው! በእግርህ ሂድ! ውጣልኝ!»

ሁሉንም ተቀበልኩ። ወረፋ የያዘው በሽተኛ አጨበጨበ፤ እጁ የተሰበረ ሰውዬ በደህናው ትከሻው እስክስታ ወረደ።

ዘፈኑ ከተማውን አዳረሰ። ጠጪው «የድሬሰሩን!» ይለኛል፤ «ጠጅ እንዳትቀምስ» ስል የጠጅ ቤቷ እመቤት በማማሰያ ታባርረኛለች። የሚያስገባኝ ቤት ጠፍቶ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ ሰርግ ፍለጋ እስከ ጠዳ በእግሬ ስኳትን ከረምኩ።

በዓመቱ ድሬሰሩ መንገድ ላይ አገኘኝ። «አያ ደርሶ፣ ሸጋ ሆነሃል! ምክሬን ተቀበልክ ማለት ነው» አለኝ።

«ተቀበልክ» የምትለዋን ቃል ስሰማ መሰንቆዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ወዲያው ገብቶት እግሬ አውጪኝ አለ። ግን ጉልበቴን ያዳነው እሱ ራሱ ነው፤ እስከ ፋሲል ግንብ ድረስ አላመለጠኝም።