ሣሩ ደርቋል፦ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ የተገኘ ጽሑፍ

አንድ ፋብሪካ ሠላሳ ሦስት ተሳቢ ቤቶችን ሳያሽግ ሸጠ። በአንደኛው ውስጥ የተኛች ሴት በጭስ ታፍና ሞተች። ጥፋቱም ነገሩን ሊያስቆም በሞከረው በአንድ ሠራተኛ ላይ ተላከከ። በደሉ ይህ ነው፤ ከዚህ የሚከተለው አፈጻጸሙ ነው።

ሠራተኛው ኦርቫ ላምብራይት ይባላል። የተወለደው በሰሜን ኢንዲያና፣ ከሺፕሼዋና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ እርሻ ላይ ሲሆን ከዘጠኝ ልጆች አራተኛው ነው። መሬቱ ለዘጠኝ ስለማይበቃ፣ መኪና በማይነዱት በአሚሽ ክርስቲያኖች ጉባኤ እንዳሉት አብዛኞቹ ወንዶች እሱም ፋብሪካ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር፤ ግድግዳ ማቆም። የሚሠሩት ተሳቢዎች የኋላ ግማሻቸው የበረሃ ሞተሮች እየተነዱ የሚገቡበት ጋራዥ ነው፤ የፊተኛው ግማሽ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው መኖሪያ ነው። የኦርቫ ግድግዳ የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው። ኦርቫ ራሱ የሚንቀሳቀሰው በብስክሌትና በፈረስ ጋሪ ነው፤ በእነዚያ ተሳቢዎች በአንዱም አድሮ አያውቅም። ይሁን እንጂ ያ ግድግዳ ምንን ከምን እንደሚለይ ከነዳፊው መሐንዲስ ባልተናነሰ ያውቅ ነበር፤ በወዲያ በኩል ቤንዚንና የጄኔሬተር ጭስ፣ በወዲህ በኩል የተኛ ሰው።

ሥራው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል። የቀኑ አሥራ አንድ ተሳቢዎች ሲያልቁ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሮጠ ሰባት ሰዓት ላይ ላሞቹና አጭዶ ያሰጣው ሣር ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ሁሉም ይሮጣል። ፋብሪካው ጅራፍ መግዛት አላስፈለገውም፤ የሰዎቹን የገዛ ሣራቸውን ጅራፍ አደረገው።

በዚያ ፋብሪካ አንድ ልማድ ነበር። ግድግዳውን ያቆመ ሰው የእንጨት አጥንቱ እንደ ቆመ፣ ኮምፔንሳቶው ሳይሸፍነው፣ በማርከር ስሙን ይጽፍበታል፤ ከስሙም ጋር ቀኑንና የመጣለትን አንድ ቃል። ከሥር ያለው ስንጥቅ የሚታሸገው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያ ጽሑፍ ግድግዳው መቆሙን እንጂ መታሸጉን አይመሰክርም። ይህንን ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ካቦውም በወጣትነቱ በእነዚያው ግድግዳዎች ላይ የዓሣ ሥዕል ይሥል ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ረቡዕ ማሸጊያው ሙጫ አለቀ። በዚያ ቀን የተባለውን የማውቀው ከኦርቫና ከሚስቱ ወንድም ከማርሊን ነው፤ ማርሊን አጠገቡ ይሠራ ነበር፤ እኔ ደግሞ በጡረታዬ ዘመን ሁለቱንም በሚኒባስ አመላልሳቸው ነበር። የካቦው ስም ትሬንት ነው።

«ትሬንት፣ ማሸጊያው እኮ አልቋል።»

«አውቃለሁ። ሰኞ ይመጣል።»

«እስከ ሰኞስ?»

«እስከ ሰኞማ ቆመህ ጸልይ! አሳልፈው ባክህ። ማቆያው ግቢ ሲደርሱ ይሞሏቸዋል።»

«ግቢ የሚደርሱት ወለሉ ተነጥፎ፣ ልባሱ ተመትቶ ነው። ማን ገብቶ ነው የሚሞላው? አይጥ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ትሬንትም አብሮ ሳቀና፣ «አይጥ ብትሆን ከአንተ ትፈጥን ነበር» አለው።

ኦርቫ አሳለፈ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተሳቢ ጋር በሚጓዘው የሥራ ወረቀት ላይ «ከሥር አልታሸገም» ብሎ ጻፈ፤ ረቡዕ አሥራ አንድ፣ ሐሙስ አሥራ አንድ፣ ዓርብ አሥራ አንድ። ማርሊን ሲጽፍ አይቷል። ዓርብ ወደ ቤት ስመልሳቸው ኦርቫ ከኋላ ወንበር ጠየቀኝ።

«መምህር፣ እርስዎ ኬሚስትሪ አስተምረዋል። የጄኔሬተር ጭስ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚሄደው?»

«ወደ ሁሉም ነው የሚሄደው።»

«እንደ እህቴ ወሬ በሉታ» አለ ማርሊን።

«ተው፣ እህትህ እኮ ሚስቴ ናት።»

«ለዚያ እኮ ነው የማዝንልህ።»

ግቢ ውስጥ ማንም አልሞላቸውም። ሠላሳ ሦስቱም ተሸጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ፣ በምዕራብ በረሃ፣ ዳርሊን ፎስ የተባለች የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ጄኔሬተሩ የአየር ማቀዝቀዣውን እንዲያሠራላት አስነሥታ በቀትር ጋደም አለች። ባሏ በሞተሩ አሸዋ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ሲመለስ አልነቃችለትም። መርማሪዎች ኮምፔንሳቶውን ሲገነጥሉ ከግድግዳው ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኙ። ከክፍተቱ በላይ በሰማያዊ ማርከር እንዲህ ተጽፏል፦ «ኦርቫ ላ.፣ ሐሙስ። ሣሩ ደርቋል።»

ኦርቫ ወደ ቢሮ ተጠራ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት የፋብሪካው ጠበቆች፣ ትሬንት እና አንድ ሳጥን ዶናት ነበሩ። ጠያቂዋ ጠበቃ ትሑት ሴት እንደ ነበረች ኦርቫ ዛሬም ይመሰክርላታል።

«ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«ነው።»

«ሳይታሸግ እንደሄደ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

ኦርቫም፣ «አጥፍቻለሁ» አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ የእነዚያን ሰዎች ሥርዓት ማወቅ አለበት። በኦርቫ ጉባኤ፣ የተከሰሰ ሰው ጥፋትን እየመዘነ አያከፋፍልም። «እኔም፣ እሱም» የሚል ሰው ትዕቢተኛ ይባላል። ሰው ተነሥቶ የራሱን ብቻ ይናገራል፤ ሌላውም ተነሥቶ የራሱን። ጉባኤው ይቅር ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሣ እሱ ራሱ በዳይ ይሆናል። ኦርቫ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ እንዲህ ተነሥቷል፤ አንዴ በአጥር ጠብ፣ አንዴ በቁጣ በተናገረው ቃል። ሁለቱም ጊዜ ባላጋራው ተከትሎት ተነሥቷል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ኦርቫ ቃሉን ተናግሮ ጠበቀ።

«ቀጥሎ ትሬንት ይናገራል ብዬ ነበር» አለኝ በኋላ።

«ትሬንትስ?»

«ዶናቱን ያይ ነበር።»

ጠበቃዋ አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበችለት፤ ፈረመ። መሐላ አልነበረበትምና ሃይማኖቱ አልከለከለውም። ያን ቀን በሚኒባሱ ውስጥ ማርሊን እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ስለሌሎቹ ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተስ አልነገርካቸውም?»

«የእኔን ተናገርኩ። የእነሱን እነሱ ይናገራሉ።»

«አይናገሩም፣ ኦርቫ» አልኩት። በሌሉበት ሰው እንዳማሁ ቆጥሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በሳምንቱ ተሰናበተ። በወሩ ፋብሪካው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ፦ ጥፋቱ የአንድ ሠራተኛ ነው፤ የተፈጸመው በአንድ ተሳቢ ላይ ነው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ አምኗል፤ ስለዚህ ሌሎች ተሳቢዎችን ለጥገና መልሶ መጥራት አያስፈልግም። የእነዚያ ቀናት የሥራ ወረቀቶች በመርማሪዎቹ ሲጠየቁ «አልተገኙም» ተባለ። ትሕትናው የነፍሰ ገዳይ ቃል ሆኖ ተመዘገበ፤ ያው ቃል ሠላሳ ሁለት ግድግዳዎች እንዳይከፈቱ መዝጊያ ሆነ።

የደብዳቤውን ግልባጭ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሌሎቹ ውስጥም እኮ ሰው ይተኛል» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦርቫ የፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እነዚያ ሠላሳ ሁለት ተሳቢዎች ተጠርተው እንዲታሸጉ። ስለ ስሙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ለፋብሪካው በእጁ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ፤ ምክንያቱ ስለታወቀ መዝገቡ ተዘግቷል የሚል አንድ መስመር መልስ መጣ። ሚስቱ ኢርማ ለክረምት አተር እየፈለፈለች ጠየቀችው።

«ደግሞ ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለሚያነብ።»

«እስካሁን የሚያነብ አግኝተሃል?»

የሟች ባል ክስ መሥርቷል ሲባል ኦርቫ ሊመሰክር ፈለገና የጉባኤውን መሪ ፍሪማን ዌትስቶንን ለማማከር ሄደ። ሽማግሌው የፈረስ ኮቴ እየሞረደ ነበር።

«ተናዝዘሃል አይደል?»

«ተናዝዣለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ ልጄ?»

«ሠላሳ ሁለት ግድግዳ።»

«ንስሐውን መልሶ ሸክሙን ሰው ላይ ሊጭን ነው ይሉሃል።»

«ይበሉኛ።»

«ኦርቫ፣ እኛ ፍርድ ቤት ቆመን በሰው ላይ አንናገርም። አባትህም አልተናገረም።»

ፍሪማን ክፉ ሰው አይደለም። ፋብሪካው የተማመነውም በክፋቱ ሳይሆን በዚህ እምነቱ ነበር፤ ሠራተኞቹን ሲቀጥር ምን እንደማያደርጉ አጥንቶ ነው የቀጠረው። ኦርቫ ታዘዘ። ክሱም ቢሆን ችሎት ሳይደርስ፣ ማንም እንዳይናገር በሚል ስምምነት ተዘጋ።

የቀረው አንድ መንገድ ነበርና እሱን ያዘ። በበጋ፣ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ሺፕሼዋና ላይ ትልቁ ገበያ ይቆማል፤ ከየአገሩ ተሳቢ እየጎተቱ የሚመጡ ሰዎች አጠገቡ ባለው ሜዳ ይሰፍራሉ። ኦርቫ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ካቻቪቴ በኪሱ ይዞ፣ በብስክሌት ወደዚያ መሄድ ጀመረ። ያንን ዓይነት ተሳቢ ሲያይ በሩ ላይ ያለውን የምርት ቀን ያነባል፤ ያንኳኳል። የሚሸጥ ነገር ያመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ሎሚናት የሚሰጡት አሉ፤ አብረውት ፎቶ ሊነሡ የሚለምኑት አሉ። በአራት በጋ ውስጥ ከሠላሳ ሁለቱ አንዱን አገኘ። እኔ አብሬው ነበርኩ። ባለቤቱ ጋሪ የሚባል ቦርጫም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነበር።

«ከአልጋው ጀርባ ያለውን ልባስ ልፈታው?» አለ ኦርቫ። «ስድስት ቡሎን ነው። ከሥሩ ክፍት ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አሚሽ ሠርቶትማ ክፍት አይሆንም!» ሰውየው ከልቡ ሳቀ። «ለዚያ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት።»

«ጌታዬ፣ ሰው ሞቶበታል።»

«ይሄኛው ላይ?»

«እንደዚሁ ያለ ላይ።»

ጋሪ ስልኩን አውጥቶ የፋብሪካውን የደንበኞች መስመር ጠራ። ድምፁን ከፍ ስላደረገው እኛም ሰማን። የምታነጋግረው ልጅ በዚያ ቁጥር ላይ የተመዘገበ ምንም የጥገና ጥሪ እንደሌለ፣ ልባሱን የውጭ ሰው ከፈታው ደግሞ ዋስትናው እንደሚሰረዝ ነገረችው።

«ሰማህ አይደል ወዳጄ?» አለ ጋሪ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «ይሰረዛል አሉ።»

«ቢያንስ ጄኔሬተሩን አስነሥታችሁ አትተኙ።»

«ሙቀቱንስ ምን እናድርገው?»

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ስንሄድ ቦታው ባዶ ነበር፤ ጎማው የተኛበት ሣር ብቻ ተጋድሟል። ኦርቫ ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ መልሶ ብስክሌቱን አዞረ።

ትሬንት ዛሬ የፋብሪካው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። የሥራ ወረቀቶቹ አልተገኙም። ኦርቫ በማርሊን ጎተራ የፈረስ መጎተቻ ጠፍር ይሰፋል፤ በበጋ ማክሰኞና ረቡዕ አሁንም ሜዳው ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ ዳርሊን ፎስን የገደለው እሱ ነው። ሠላሳ ሁለቱ ተሳቢዎች መንገድ ላይ ናቸው፤ አንዱም አልተጠራም፤ አንዱም አልታሸገም።