እንቅልፍ የወሰደኝ ገጽ

የምቀናው በስልክ ነው። ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ባለቤቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የምታስቀምጠው ስልክ ጭርር ባለ ቁጥር እግሯ ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ፊቷ ይፈካል። እኔ ከሥራ ስገባ እንዲህ ፈክታ አታውቅም።

ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ታሪክ ትጽፋለች። የምትጽፈው የመጋረጃ ልክ በምታወጣበት ቡናማ ወረቀት ቁራጭ ላይ ነው፤ ባንዱ ወገን የመስኮት ቁመትና ወርድ፣ በሌላው ወገን ባሏን ጥላ የጠፋች ሴት። የዚህች ሴት ነገር ብዙ ጊዜ ከንክኖኛል። ከዘመዶቻችን መካከል የሚጽፍ የለም። እህቷ አንድ ቀን፣ ይህን ከምትሞነጫጭሪ አንድ መጋረጃ ብትሰፊ አይሻልሽም ወይ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቶቿን ከጨርቅ ክምር ሥር ትደብቃለች። እንዲህ ያለ አመል ያለባት በዓለም ላይ እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር።

የሚሰማት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ሳይነጋ ገብቼ እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ዱቄት ይዤ እመጣና አልጋው ላይ ጋደም እላለሁ፤ እሷ ታነብልኛለች። መቼም ከምድጃ ፊት የዋለ ሰው ነኝና እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ ወረቀቱ ላይ፣ እኔ ባንቀላፋሁበት ዓረፍተ ነገር ሥር በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር ተሰምሮ አገኛለሁ። ቂም የምትይዝብኝ ይመስለኝ ነበር። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን፤ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

አምና አንዲት ደንበኛዋ ቴሌግራም ላይ ጸሐፊዎች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። ሃያ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ ነርስ ናት፤ የምትጽፈው በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን ያወቀች ዕለት መቀሷን አስቀምጣ ወደኔ ዞረችና፣ "እሷም እንደኔው ናት" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቀናሁ። እኔ አስራ አንድ ዓመት አጠገቧ ተኝቼ ያላቀለልኩላትን ብቸኝነት አንድ የመድኃኒት ካርቶን አቀለለላት።

ከሁሉም የጠላሁት ግን ባለመነጽሩን ነው። ስሙን አላውቅም፤ ፎቶው ላይ ፊቱን የሚሸፍን መነጽር አድርጓል። ምንም ነገር ብትልክ ቀድሞ ቀይ ልብ የሚልክላት እሱ ነው። ሰውዬው ሥራ የለውም እንዴ?

ስለዚህ ልበልጠው ቆረጥኩ። ከሥራ ስመለስ ሁለት ብርጭቆ ጠቆር ያለ ሻይ እገለብጣለሁ፤ አልጋውን ትቼ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔን አፍጥጬ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ሲያልቅ ግሩም ነው እላለሁ። በማግስቱም ግሩም ነው። አንድ ቀንማ ገና ሳትጨርስ ግሩም ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ማንበቧን ተወች። ስጠይቃት ሥራ በዛብኝ አለች፤ ከስልኳ ጋር ለማውራት ግን ጊዜ አላጣችም። በቃ፣ ተሸነፍኩ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልትሰቅል ደንበኛ ቤት ስትሄድ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው ወጣች። የሰው ስልክ መክፈት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ከፈትኩት። ባለመነጽሩ፣ ወር ሙሉ ታሪክ አልላክሽልንም፣ ምነው ብሎ ጠይቋታል። እሷም መልሳለች፦

"ባለቤቴ መተኛት አቆመ። እሱ እንቅልፍ የወሰደው ቦታ ላይ አሰምርና ያን እቆርጠው ነበር። አሁን ሻይ ጠጥቶ ሁሉንም ግሩም ነው ይለኛል። የቱ እንደሚያሰለች በምን ልወቅ? እናንተ እንደሆነ እንዳይከፋኝ ብላችሁ ሁሉንም ታወድሱልኛላችሁ።"

ከሥሩ ነርሷ ጽፋለች፦ "እኔ ድምፄን አውጥቼ የማነብለት ሰው የለኝም። እያንኮራፋም ቢሆን አጠገቤ የሚሆን ባገኝ። ቀናሁብሽ።" ባለመነጽሩ ሳይቀር "እኔም" ብሏል።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ በእነሱ ስቃጠል፣ ለካ እነሱ በኔ ማንኮራፋት ይቀኑ ኖሯል።

ስትመለስ ሻይ አላፈላሁም። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ተዘርግቼ ነበር። እስቲ አዲሱን አምጪው አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና ወረቀቱን ከጨርቁ ክምር ሥር አወጣች፤ ጠመኔዋንም ያዘች። ያቺው ባሏን ጥላ የጠፋችው ሴት ናት። ለመተኛት ቆርጬ ነበር፣ የምሬን። ሴትየዋ ከዓመታት በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ ቁልፉ አልዞር ሲላት ግን እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ባልየው ይከፍትላት ይሆን? ሳላውቀው ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ።

አንብባ ስትጨርስ ጠመኔውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አፌን አሸተተች።

"ሻይ ጠጥተሃል?"

"ውሃም አልቀመስኩ።"

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፤ አንድም የጠመኔ መስመር የለበትም። ጠመኔውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። ጫማዬን ሳላጠልቅ ስልኩ ጭርር አለ። የባለመነጽሩ ቀይ ልብ ነበር።

ቅናቴ መች ለቀቀኝ። ግን ዛሬ ሁለተኛ ነህ አልኩት፣ በሆዴ።