ስንጥቁን ያየሁበት ረመዳን

ጅዳ በገባሁ በአራተኛው ዓመት የምሠራበት ቤት አባወራ መሐንዲስ ነበሩ። ስልሳን ያለፉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ መንገድ ላይ ሕንጻ ሲያዩ አንገታቸውን ቀና አድርገው ረጅም ጊዜ የሚቆሙ ሰው። እኔ «ባባ» እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን ደግሞ «መዳም»። ባባ የራሳቸው ቢሮ ነበራቸው። የሕንጻ ዲዛይን ይሠራሉ፣ ሌሎች የሠሩትንም መርምረው ማኅተም ይመቱበታል። አንድ ቀን ጠረጴዛቸውን ስወለውል ማኅተሙን ከወረቀቶቹ ጋር ላነሳው ስል «እሱን ተዪው ልጄ» አሉኝ። «እሱ በተመታበት ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ሁሉ በኔ ኃላፊነት ነው።» እሺ ብዬ ተውኩት እንጂ ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። እኔ ከወሎ ገጠር የመጣሁ ነኝ፤ ስለ ቤት ሥራ የማውቀው ቢኖር የጭቃ ግድግዳ በየዓመቱ መመረግ እንዳለበት ነው።

ረመዳን ሲጋመስ ቤተሰቡ ወደ መካ ይወጣል። ሚስፈላ በሚባል ሰፈር፣ ከታላቁ መስጊድ ከሐረም በእግር የሚደረስበት ቦታ፣ የባባ ቢሮ ዲዛይኑን የሠራው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ አለ። አንደኛ ፎቅ ላይ የራሳቸው አፓርታማ ነበራቸው፤ የቀረውን የሕንጻው ባለቤት ለዑምራ ለሚመጡ ሰዎች ያከራያል። በዚያ ዓመት ባባን ሥራ ያዛቸውና እኔና መዳም ቀድመን ሄድን።

ከሕንጻው ጎን የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ትልቅ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሆቴል ሊሠራ ነው አሉ። ከጉድጓዱ ውኃ የሚስብ ሞተር ያለማቋረጥ ያጓራል፤ በወፍራም ጎማ የሚወጣው ድፍርስ ውኃ መንገድ ዳር ባለው ቦይ ይወርዳል።

ማክሰኞ ጠዋት መዳም ኩሽና ገብታ ግድግዳውን አሳየችኝ። «ይሄን ፀጉር አላየሽውም?» አለች። ከበሩ ማዕዘን ወደ ላይ ሰያፍ የሄደ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ አልለቅ አለ። በጥፍሬ ስነካው ጥፍሬ ትንሽ ገባ። ግድግዳው ተሰንጥቋል።

«መዳም፣ ፀጉር አይደለም፣ ስንጥቅ ነው» ስላት «ቀለሙ ነው፣ ሙቀቱ ነው» ብላ ሄደች። እኔ ግን ነገ ደግሞ «አላጸዳሽም» እንዳልባል ፈራሁ። የአስቤዛ ዝርዝር በምጽፍበት እርሳስ የመስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት አደረግኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት ስንጥቁ ጭረቴን በአንድ ጣት አልፎት አገኘሁት። አዲሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጭረት አደረግኩ። ሐሙስ ሁለት ጣት ተጨምሮበታል። የዚያኑ ዕለት ከቀትሩ ሶላት ከዙሁር በኋላ የኩሽናው በር አልዘጋ አለኝ፤ ትናንት በአንድ ጣት ይገፋ የነበረ በር ወለሉን እየፋቀ ያቃስታል። ዓርብ ጠዋት አራተኛውን ጭረት አደረግኩ።

ባባ ዓርብ ለጁሙዓ ሶላት ከጅዳ መጡ። ከሶላት ተመልሰው ሳሎን እንደተቀመጡ የበሩን ድምፅ ሰሙ። ኩሽና ገብተው የማያውቁት ሰውዬ ተነሥተው መጡ፤ በሩን ከፈት ዘጋ አድርገው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ይሄን ማን ነው የጫረው?»

«እኔ ነኝ ባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን አጠፋዋለሁ።»

ጨርቅ ሳነሳ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። «እንዳትነኪው! መቼ መቼ እንደጫርሽው ታስታውሻለሽ?»

«የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለተኛው ረቡዕ፣ ሦስተኛው ሐሙስ፣ ይሄኛው ዛሬ። ሁሉንም ሥራ ስጀምር ነው ያደረግኩት።»

እኚያ ትልቅ ሰው ረጅሙን ነጭ ቀሚሳቸውን፣ ቶባቸውን፣ ሰብስበው ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ከኪሳቸው ሜትር አወጡና በጭረቶቹ መካከል ያለውን እየለኩ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። በየመሀሉ ቀና ብለው ያዩኛል። በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ብዙ ታይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ታይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ወረዱ። ሲመለሱ «በጉድጓዱ በኩል ያለው ማዕዘንም ተሰንጥቋል» አሉ። መጀመሪያ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ፣ ለሲቪል መከላከያ፣ ደወሉ፤ ቀጥሎ ለቢሮው ጠበቃ። ጠበቃው የልጅነት ጓደኛቸው ነው፤ እሱም ለጁሙዓ መካ ስለነበር ወዲያው ደረሰ። እኔ በሩ አጠገብ የመዳምን ሻንጣ እያሰርኩ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ዐረብኛውን በዚያ ጊዜ በደንብ ለምጄዋለሁ።

«አደጋ አለ ብለህ በእጅህ ከጻፍክ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ እንደፈረምክ ይቆጥሩታል» አለ ጠበቃው። «በውልህ አሥር ዓመት ተጠያቂ ነህ፤ ሕንጻው ገና ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ እናሳውቅ፤ ለሚቆፍረው ኩባንያ ደብዳቤ ጽፈን መልሳቸውን እንይ። ሁለት ቀን ቢሆን ነው።»

«ሁለት ቀን የለኝም» አሉ ባባ።

«የማን ጥፋት እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ?»

«የማን ጥፋት እንደሆነ አልጽፍም። ያየሁትን እጽፋለሁ። ስንጥቁ ይሄን ያህል ሄደ፣ በዚህ ቀን፣ ያየችው እሷ ናት። ግምቴን አልጨምርበትም፤ የማውቀውንም አልቀንስበትም። ኢንሹራንሱም፣ ቆፋሪውም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ያችኑ ወረቀት ዛሬውኑ ያገኛሉ። ሰዎቹ ግን አሁን ይወጣሉ።»

ጠበቃው ብዕሩን ከደረቱ ኪስ አወጣ። «እንግዲያው በደንብ እንጻፈው» አለ።

ባባ ሊፍቱን አስቆሙና በደረጃ እየወጡ በየበሩ አንኳኩ። እኔም የሚያነክሱትንና ዕቃ የበዛባቸውን ላግዝ ተከተልኳቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት አልወጣም አሉ። ጾም ይዘዋል፣ እግራቸው አብጧል፣ «ለሐረሙ ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት፣ የትም አልሄድም» ይላሉ። ባባ እያለከለኩ አጠገባቸው ተንበረከኩ።

«እናቴ፣ የዚህን ሕንጻ ዲዛይን የሠራሁት እኔ ነኝ። ውጡ የምልዎትም እኔው ነኝ።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋቸውና እጃቸውን ዘረጉ። ከኋላችን ደረጃው ላይ የነበረው ጠበቃ ንግግሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ።

ወረቀቱ የተጻፈው መንገድ ላይ፣ በባባ መኪና ኮፈን ላይ ነው። የኔን ቃል የያዘውን ገጽ ባባ ጠርተውኝ ቀስ እያሉ አነበቡልኝ። «ያልገባሽ ነገር ካለ አስቁሚኝ። ያልገባሽን አትፈርሚም» አሉ። አንድ ቦታ ላይ «በሩ ሐሙስ ጠዋት አልዘጋ አለ» የሚል ነበረ።

«ጠዋት አይደለም ባባ፣ ከዙሁር በኋላ ነው» አልኩ። ወዲያው ለምን ተናገርኩ ብዬ ተሸማቀቅኩ።

እሳቸው «ጠዋት» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዙት፤ ከላዩ «ከዙሁር በኋላ» ብለው ጻፉና አጠገቡ ፈረሙ። ለምን እንዳላጠፉት ብጠይቃቸው «ስህተቴ ይታይ። የተፋቀ ወረቀት ማንም አያምነውም» አሉኝ። ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ በተማርኩት የዐረብኛ ፊደል ስሜን ከታች ጻፍኩ። ከኔ በታች ባባ ፈርመው ማኅተማቸውን መቱ። የሳቸው ስምና የኔ ስም አንድ ወረቀት ላይ! ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ስሜ ያረፈው በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይና የሥራ ውሌ ላይ ብቻ ነበር።

መግሪብ ሲደርስ ከሰባቱም ፎቅ የወጣው ሰው የእግረኛ መንገዱን ሞልቶ ጾሙን በተምርና በውኃ አፈጠረ። ሲቪል መከላከያዎቹ በሩን ዘግተው ጠባቂ አቆሙ፤ ሞተሩንም አስቆሙት። ባባ እስኪነጋ አልጠበቁም፤ ምድር ቤቱን በብረት ምሰሶ የሚያስደግፉ ሰዎች አስመጡ።

እሑድ ጠዋት መዳምና እኔ ጅዳ ተመልሰን ሳለ ባባ ደወሉ። በጉድጓዱ በኩል ያለው የመኪና ማቆሚያ ማዕዘን ከነአጥሩ ተንዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ሕንጻው በብረቱ ተደግፎ ቆሟል። ሰው አልተነካም። መዳም ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። አሮጊቷ ታወሱኝ፤ በየደረጃው የተሸከምኳቸው ሻንጣዎች፣ እጄን ይዘው የወረዱት ሰዎች። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዒድ በኋላ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ መካ ላይ ተቀመጠና እኔም ተጠራሁ። በመኪና ስንሄድ ባባ «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። እኔን ለመርዳት ብለሽ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ» አሉኝ።

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ሰብሳቢው ኢቃማዬን ካየ በኋላ «ከፊልሽ፣ አሠሪሽ፣ እሳቸው ናቸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ይሄን በይ ያሉሽም እሳቸው ናቸው?»

«ስጭር እሳቸው ጅዳ ነበሩ። የእርሳሱ ጭረት ግድግዳው ላይ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት።»

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየኝና ያልኩትን ጻፈ። ቆፋሪዎቹ ውኃውን ሲስቡ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አሸዋ አብረው እየወሰዱት እንደነበር የአፈር ባለሙያዎች አስረዱ። ነገሩ ሁሉ ወደ ኩባንያው ያጋደለ መሰለኝ። ጠበቃውም ፊቱ ፈታ አለ።

ያን ጊዜ ባባ ተነሡ። ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ አሮጌ ፋይል ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሕንጻው ሊሠራ ሲል፣ በዚያች በተናደችው ማዕዘን አፈሩ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ተቆፍሮ እንዲመረመር ጠይቀው ነበር። የሕንጻው ባለቤት ቸኩሎ ነበርና እምቢ አለ። «እኔም አልፈርምም ማለት ሲገባኝ ፈረምኩ» አሉ። የኩባንያው ሰዎች እንኳ ቀና ብለው አዩዋቸው። ጠበቃው መሬት መሬቱን ያያል።

ወደ ጅዳ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ባሕራ የምትባል ከተማ፣ የዐስርን ሶላት ለመስገድ ቆምን። ከሶላት በኋላ መኪናው አጠገብ ውኃ ሲጠጡ አላስችል አለኝ።

«ባባ፣ አልጠየቁዎትም እኮ። ለምን ተናገሩ?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ማዕዘን ባለፍኩ ቁጥር ራሴን ስጠይቅ ነበር፣ ልጄ። ዛሬ መለስኩ» አሉ። ውኃቸውን ጨርሰው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ውሳኔው ከሁለት ወር በኋላ ደረሰ። ትልቁ ተጠያቂነት ጎረቤቱን ሳያሳውቅ ውኃ የሳበው ኩባንያ ላይ ወደቀ፤ ትንሹ ባባ ላይ። ስምንት ወር በማንኛውም ሥራ ላይ እንዳይፈርሙ ታገዱ። ባባ ደብዳቤውን ሳሎን ውስጥ ለመዳምና ለኔ አነበቡልን፤ አጥፈውም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። መዳም አለቀሰች።

በማግስቱ እንደ ወትሮው በጠዋት ተነሥተው ለበሱ። መዳም በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ታግደህ የለም እንዴ? የት ነው የምትሄደው?»

«የታገድኩት ከመፈረም ነው። ቢሮዬ ያሉት ልጆች የሚሠሩትን ማየት አልተከለከልኩም» አሉና ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ስምንቱንም ወር እንዲሁ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሄዱ። እኔም በየጠዋቱ በሩን ከፍቼ፣ መኪናቸው ከመንገዱ እስኪታጠፍ ቆሜ አያቸው ነበር።