የቤዙ ክሮች

ባሌ የሞተ ጊዜ አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤት የመጡት ሴቶች መጀመሪያ "ደንግጣ ነው" አሉ፤ በሦስተኛው ቀን "ውስጥ ውስጧን እየበላት ነው" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሉ አላውቅም፣ እኔ ፊት መነጋገሩን ትተውት ነበር። እውነቱን ለመናገር ድንጋጤም አልነበረም፣ የሚበላኝም ነገር አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ከንፈር እንደሚደነዝዝ ነው የደነዘዝኩት።

እኔ ሲጨንቀኝ አጥባለሁ። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ልብሶቹን በሙሉ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ለዘመድ አከፋፈልኩ። አንሶላውን፣ የትራሱን ልብስ፣ መጋረጃውን፣ ይቀመጥበት የነበረውን የሶፋ ልብስ ሳይቀር ፈትጌ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ልጄ ከሥራ ስትገባ ቆም ብላ፣ "እማዬ፣ ቤቱ እኮ አባዬን አባዬን አይሸትም" አለችኝ። ንጹሕ ስለሆነ ነው ብያት ወደ ኩሽና ገባሁ።

ያልታጠበው ቤዝ ጊታሩ ብቻ ነበር። ባሌ ከእኔ በፊት ያወቀው ጊታር ነው። ወጣት ሳለ ሆቴል ውስጥ ሲጫወትበት ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም በየቀኑ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት ገብቶ በትንሿ ድምፅ ማጉያ ይለማመዳል። እኔ ኩሽና ሆኜ ዜማው አይሰማኝም፤ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው ጉምጉምታ ብቻ ነው። "ኧረ ቀንስልኝ ሰውዬ፣ ሳህኑ ተንቀጠቀጠ!" እለው ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ ስለው ኖርኩ።

ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው ልጄ ቤዙን ማጉያው ላይ ሰካችው። ትኩስ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ተንጣጣ። "አባዬ ይህን ቢሰማ ያብድ ነበር" አለች። እኔም በነጠላ ጠቅልዬ አብነት ሰፈር ወዳሉት ሬዲዮ ጠጋኝ ይዤው ወጣሁ። የግቢው ጥበቃ አየኝና፣ "እማማ፣ ጠመንጃ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ቢሆንማ ካንተ ነበር የምጀምረው" አልኩት።

ጠጋኙ ሬዲዮና ማጉያ ሲጠግኑ ያረጁ፣ የባሌም የድሮ ወዳጅ ናቸው። ነጠላውን ስገልጥ ቤዙን እንደ ሕፃን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስተኙት።

"ይሄ ዕቃ ከየት እንደመጣ ነግሮሻል?" አሉኝ።

"ገዛሁት ነው ያለኝ፣ ጋሼ።"

"የምን መግዛት!" ብለው ሳቁ። አንድ የውጭ አገር ሰው ይዞት መጥቶ፣ ሲሄድ ለሆቴሉ ባለቤት ትቶት ነው አሉኝ። መጀመሪያ የተጫወተበት ከወታደር ባንድ የመጣ ሰው ነበር። ጀርባውን ገልብጠው የተፋፋቀ ቦታ አሳዩኝ፤ የዚያ ሰውዬ የቀበቶ ዘለበት የፋቀው ነው። ሰውዬው ጆሮው ሲደክም፣ ባሌን ጠርቶ ቤዙን አንገቱ ላይ አጠለቀለትና "ከእንግዲህ ያንተ ነው" ብሎ ከመድረክ ወረደ። ባሌ ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም። የተሰጠ ከሚባል የተገዛ ቢባል ይሻላል ብሎ ይሆናል፤ ኩሩ ነበር።

"ይሄ ደግሞ የራሱ የባልሽ ነው" አሉና ከክሮቹ በላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ የጎደጎደበትን ቦታ ነኩ። አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ነው። እኔ ነቀዝ የበላው ይመስለኝ ነበር። የራሴን አውራ ጣት አኖርኩበት። ምንም አልተሰማኝም።

ሆዱን ከፍተው ጠረጉ፣ የተበጠሰች ሽቦ በየዱ፣ ከዚያ ሰክተው አራት አምስት ጊዜ መቱት። ያው ጉምጉምታ መጣ። ከተቀመጥኩበት በርጩማ ሥር ወደ ሆዴ ገባ። በአሥር ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ተሰማኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት እየገባሁ እሰካዋለሁ። መጫወት አልችልም፤ ወፍራሙን ክር እየመታሁ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በአራተኛው ቀን ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ቆመ። ለቅሶው መሆኑን አወቅሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ነገ ይመጣል ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ግን ክሮቹን በደንብ አየኋቸው። ጥቁር ጭቅቅት ተጋግሮባቸዋል። ሙት ዓመቱ እየደረሰ፣ ሰው ሊመጣ፣ እንዲህ ሆኖ አይቀመጥም አልኩ። ባሌ ደርግ ጊዜ ክር እንደ ልብ ስለማይገኝ ያረጀውን እየፈታ በእኔ ድስት ይቀቅል ነበር፤ "ሲፈላ ነፍስ ይዘራል" እያለ። በድስቴ ስንት ቀን ተጣልተናል! አሁን እኔው ፈታኋቸው፣ ጠቅልዬ ድስት ውስጥ ከተትኳቸው። ውሃው ጠቆረ፣ ላዩ ላይ ቅባት ሰፈፈ። ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፍቼ ሌላ ውሃ አፈላሁ። ሲወጡ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበሩ ነበር። ገንዳውን በበረኪና አጠብኩ።

መልሼ ማሰሩን ስላልቻልኩበት ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት። አሰሩ፣ ቃኙ፣ መቱ። ጥርት ያለ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ወጣ። ጥሩ ድምፅ ነው፤ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ክሮቹ ላይ አድርገው ዝም አሰኟቸው።

"ቀቀልሽው?"

"አዎ ጋሼ። እሱም ይቀቅል ነበር እኮ።"

"ያ በልጅነቱ ነው፣ እህቴ። እነዚህን ካሰረ ወዲህ ሰው አላስነካም። አዲስ ክር ይጮኻል፤ የእጅ ላብ፣ የጣት ቅባት ሲጠግብ ነው ድምፁ እንደዚያ የሚወፍረው። እንዲህ ለማድረግ ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል።"

"ታዲያ አይመለስም?"

"የሚጫወትበት ሰው ካለ የዚያ ሰው ድምፅ ይመጣል" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ያ ለቅሶ ጉሮሮዬ ላይ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ባዶ ነው። አመስግኜ፣ ቤዙን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ኮንዶሚኒየሙ ደርሼ ቀጥታ ኩሽና ገባሁ፣ ገንዳው ፊት ቆምኩ። አጎንብሼ ወደ ቀዳዳው ብመለከት ምንም የለም፤ አንዲት ጥቁር ጠብታ እንኳ አላስቀረሁም።