የውሸት ጎረቤት

እኔ ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ። ሁለት ጊዜ ቆስያለሁ፤ አንዴማ ሞቷል ተብሎ ቤታችን ድንኳን ተተክሎ ተለቅሶልኛል። ግን ወላሂ፣ እንደዚያ ሰሞን ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ደግሞ ጠላት እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ አጠገብ፣ ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ለእኔና ለጥቂት የጦር ጓደኞቼ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠን። ጓደኞቼ እሾሁን አዩ፣ አቧራውን አዩ፣ "መብራት ሲገባ እንመጣለን" ብለው ወደ ከተማ ተመለሱ። እኔ ምን ቆርጦኝ እጠብቃለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ድንበር ስጠብቅ ኖሬ የራሴን መሬት ሳገኝ ደግሞ መብራት ልጠብቅ? ሠራሁ ቤቴን! ውሃ በበርሜል፣ በአህያ ጋሪ አስመጣሁ። የፓፓያ ችግኝ ተከልኩ፤ ግማሹን ፍየል በላው፣ ግማሹን ፀሐይ። ቢሆንስ! ጠዋት ከበሬ ብቅ ብዬ ያን ሁሉ ባዶ ሜዳ ሳይ "ይሄ ሰፈር እኮ በእኔ ነው የሚጀመረው!" እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሚስቴ ግን አልሳቀችም። እሷ ከተማው ውስጥ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ በር የሚዘጋበት ቤት አታውቅም። እዚያ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ድስት ከፍቶ ይቀምሳል፣ "ጨው አንሶታል" ብሎ ይወጣል። እዚህ ማን ይግባ? ከእኔና ከነፋሱ ጋር ብቻ ስታወራ ከረመችና አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆመች።

"ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የምልክለት ጎረቤት ከሌለኝ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። አንተ ከፈለግህ ከፍየሎቹ ጋር አፍጥር።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ እቴ! ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስባ አቧራውን ማራገፍ ጀመረች። እሷ ከሄደች ያንን ቤት ምን አደርገዋለሁ? የሠራሁት ከእሷ ጋር ላረጅበት ነው። ለጓደኞቼ ስልክ ደወልኩ፣ ለመንኳቸው። አንዱ "አቦ፣ ሙቀቱ ይብረድና እንመጣለን" አለኝ። የድሬ ሙቀት እስኪበርድ!

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጦር ሜዳ የተማርኩት ዘዴ ትዝ አለኝ። ሰው የሌለበት ምሽግ እንሠራ ነበር። ድንኳን እንተክላለን፣ እሳት እናጨሳለን፣ ልብስ እናሰጣለን፣ ከዚያ ሹልክ ብለን እንሄዳለን። ጠላት ከሩቅ አይቶ "ጦር ሰፍሯል" ይላል። ታዲያ ጠላትን ያታለለ ሰው ሚስቱን ያቅተዋል?

"እንጨት ለቀማ" እያልኩ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ደረቅ ወንዝ ማዶ እመላለስ ጀመር። አሮጌ ቆርቆሮ አቆምኩ፣ ሰማያዊ ሸራ ወጠርኩ፣ ገመድ ዘረጋሁ። አሁን ለውሸቶቹ ባልና ሚስት ልብስ ያስፈልጋል። ለባልየው የራሴን ሱሪ ወሰድኩ። ለሴትየዋ ደግሞ ከሚስቴ ሳጥን ሥር አንድ የደበዘዘ ሽቲ፣ ያን የእኛን አገር ስስ የቤት ቀሚስ፣ መዘዝኩ። ያን ሁሉ ሽቲ የደረደረች ሴት አንዱን ከየት ታውቀዋለች ብዬ! ከዚያ እኔ፣ በዕድሜዬ የሚስቴን ልብስ አጥቤ የማላውቀው ሰውዬ፣ የእውነት እንዲመስል በሳሙና አሽቼ፣ ጨምቄ፣ እያንጠባጠበ ሰቀልኩት።

"ነይ፣ ነይ እዪ! ጎረቤት መጣልሽ!" እያልኩ ቤት ገባሁ።

ወጣች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች።

"ልብስ አስጥተዋል" አለች።

"አዎ! ንጹሕ ሰዎች ናቸው።"

"ባልየው ምን ይሠራል?"

"ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠራው። ሚስቱም እዚያው ናት። ቀን አይገኙም" አልኳት። አፌ እኔን ሳያማክር ይቀጥላል።

በማግስቱ፣ ረመዳን ገና ሳይገባ፣ ዘይት ሲንጣጣ ሰማሁ። ሚስቴ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። አንድ ሳህን ሞላች፣ በጨርቅ ሸፈነች፣ ሻሿን አሰረች።

"ወዴት ነው?"

"ጎረቤቶቼ ጋ ነዋ።"

"ሥራ ላይ ናቸው እኮ!"

"ዛሬ እሁድ ነው።"

"ውሻ አላቸው! ኃይለኛ!"

"ትናንት አላየሁም።"

"ታስሮ ነዋ!"

"ከታሰረማ ምን ያደርገኛል?" ብላኝ ሄደች።

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወንዙን ስትሻገር አየኋት። ገመዱ ጋ ደረሰች። ሱሪውን ያዝ አደረገች፣ ገልበጥ አደረገችው። ጉልበቱን የጣፈችው ራሷ መሆኗ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ወይ ጉዴ! ቀጥላ ሽቲውን ዳሰሰች። ከዚያ ሸራው ጥላ ሥር፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትስቅ፣ ታልቅስ፣ በምን ልወቅ? በቃ ነገ ባጃጅ ጠርታ ትሄዳለች አልኩና እኔም በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ተመለሰች። ሳህኑ ባዶ ነው። አጠገቤ ተቀመጠች።

"እንዴት ናቸው?" አልኳት። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኗል።

"ደህና ናቸው። ሳምቡሳውን ሙልጭ አድርገው በሉት።" አገጯ ላይ ዘይት ያብለጨልጫል። "ባልየው ውሸታም ነው፤ ያስታውቅበታል። ግን ሚስቱን ሳይወዳት አይቀርም፤ ልብሷን ሳይቀር ያጥብላታል። አጨማመቁ አይረባም እንጂ።"

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ፤ የቱን እንደምይዝ ጠፋኝ።

"ሴትየዋስ?" አልኳት እንደምንም።

"እሷ ታሳዝናለች። በዚህ በረሃ ከዚያ ጅል ጋር ብቻዋን! ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ታዲያ እኔ ጎረቤቷ ሆኜ፣ ሳትወልድ ጥያት የት እሄዳለሁ?"

የሌለች ሴት እስክትወልድ ልትቆይልኝ ነው! እንደ ልጅ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ወላሂ፣ ጦርነቱ አልቋል ሲባል እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። አቧራ በአቧራ ሆኜ ተነሳሁና አቀፍኳት።

"መቼ ነው የምትወልደው?"

ሻሿን እያስተካከለች ወደ ማዶ አየች።

"አልነገረችኝም። ግን የምትቸኩል አትመስልም" አለችኝ።