ሰባ ሁለተኛው ዓምድ

አክስቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ሳህኗን በግራ እጇ ይዛ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ ነው የምትሄደው። መሥሪያ ቤትም ወንበሯ ላይ የሚቀመጠው ኮቷ ነው። «ኮትሽ ካንቺ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል» እያሉ ይቀልዱባታል። ሥራዋ የወንዙን ሙላት አስቀድሞ መናገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ አርፋ ብትቀመጥ ነበር የሚገርመኝ።

ወንዙ ላይ ሃያ የመለኪያ ጣቢያዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት የየጣቢያው የውኃ ከፍታ ይላክላታል፤ እሷ በተርታ ፋይል ላይ ታሰፍረዋለች፤ ፕሮግራሙ ያነብና ከሰዓት በኋላ ውኃው የት እንደሚደርስ ያሰላል። ፕሮግራሙ ፎርትራን በሚባል የቆየ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሲጻፍ አክስቴ ገና ፊደል አልቆጠረችም። የጻፉት አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ማሽን በተበሳ የወረቀት ካርድ ይታዘዝ በነበረበት ዘመን ስለሠሩ ሁሉም «ጋሼ ካርድ» ይሏቸዋል።

ሥራውን ሲያስተምሯት ሁለት ነገር አጥብቀው ነግረዋታል። አንደኛው፣ መለኪያው የተበላሸበት ጣቢያ ላይ ዜሮ እንዳትጽፍ ነው። ዜሮ ማለት ወንዙ ደርቋል ማለት ነው። ሁለት ጣቢያ ከተበላሸ «2*» ተብሎ ይጻፋል፣ ከኮከቡ በኋላ ምንም ሳይኖር። ይህም «ሁለቱን እለፋቸው፣ የትናንቱ ቁጥር ይቆይ» ማለት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ማሽን «አላውቅም» የሚባልበት መንገድ ያለው አይመስለኝም ነበር። ሁለተኛው፣ መስመር ከሰባ ሁለት ዓምድ፣ ማለትም ከሰባ ሁለት ፊደል ቦታ፣ እንዳያልፍ ነው፤ ማሽኑ ካርድ ላይ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያነብም ነበርና። ካርድ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የአክስቴ ጣት ግን ዛሬም ሰባ ሁለት አጠገብ ሲደርስ በራሱ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል።

ነገሩ የጀመረው መሥሪያ ቤቱ ማሽኑን ሲቀይር ነው። ከአዲሱ ማሽን ጋር አዲስ ኮምፓይለር መጣ፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው እሱ ነው፣ የሚሠሩትም በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ «ዘጠነኛው ጣቢያ ይሞላል» አለ። ዘጠነኛው ድልድዩ ነው። ከድልድዩ በታች ያሉ ሰዎች ሁለት ጊዜ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። ሁለቱንም ጊዜ ወንዙ ሳይመጣ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ፕሮግራሙ ሦስተኛ ጊዜ ተናገረ፤ ውኃው በዘጠኝ ሰዓት ድልድዩ ይደርሳል። ከላይ በኩል እየዘነበ ስለነበር ውሸት ነው ብሎ መተውም አይቻልም።

ድምፅ ማጉያ ይዞ በመኪና እየዞረ የሚያስጠነቅቀው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እትዬ፣ ባለፈው አንዲት እናት ፍራሻቸውን መልሰው እየተሸከሙ ‹ወንዛችሁ የት ቀረ?› አሉኝ። ታክሲ አጥቶ ነው ልበላቸው?»

አለቃዋ አልሳቀም። «ውጡ ብለን ካልመጣ አራተኛውን ማንም አይሰማንም። ዝም ብለን ከመጣ ደግሞ...» ብሎ ተወው። «እስከ ስድስት ሰዓት ቁርጡን ንገሪኝ።»

ፋይሉን አሥር ጊዜ አይታዋለች፤ ልክ ነው። ስሌቱንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲፈትሹት ከርመዋል። ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደች ጋሼ ካርድ ጋ ደወለች።

«እየተራመድሽ ነው እንዴ የምታወሪው? ጫማሽ ይሰማኛል።»

«ፋይሉ ልክ ነው፣ ጋሼ። ስሌቱም ልክ ነው። ላብድ ነው።»

«ፋይሉን ማን ጠየቀሽ ልጄ? ማሽኑ ምን ሰማ? ያነበበውን መልሶ ይጻፍልሽ እንጂ!»

ይህችን አንዲት ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ነበር። ማሽኑ ያነበበውን እንዲጽፍ አዘዘችው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጣቢያዎች ልክ ናቸው። ሰባተኛውና ስምንተኛው መለኪያቸው ስለተበላሸ «2*» ነበር የተጻፈላቸው። ሰባተኛው ላይ የትናንቱ አለ። ስምንተኛው ላይ ግን የድልድዩ ቁጥር ተቀምጧል፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ የአሥረኛው። አሥረኛው ወንዙ በሁለት ገደል መሐል የሚጣበብበት ነው፤ እዚያ ክረምት ከበጋ ውኃው ከፍ ያለ ነው። ኮምፓይለሩ «ሁለት እለፍ» ሲባል አንድ ብቻ አልፎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ አንሸራቶታል።

ደስ ብሏት ለማረጋገጥ አምስት ቁጥርና አንድ «2*» ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ልክ አነበበ። ደግማ ሞከረች። ልክ! ደረጃውን ወርዳ ወጣች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

በሦስተኛው ሙከራ የገዛ ጣቷን አየችው። በትንሹ ፕሮግራም ሁሉም ነገር አንድ መስመር ላይ ነው። በትልቁ ፋይል ግን ሰባ ሁለት አጠገብ ስትደርስ ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዳለች፤ የወረደችውም ከ«2*» ቀጥሎ ነው። የትንሹንም መስመር ከኮከቡ በኋላ ቆረጠችው። ተንሸራተተ። ቀጠለችው፤ ተስተካከለ። ቆረጠችው፤ ተንሸራተተ። ያሁን ዘመን ሰው መስመሩን እስከፈለገ ድረስ ያስረዝማል። እዚያች ቦታ ላይ የሚቆርጥ የጋሼ ካርድ ተማሪ ብቻ ስለሆነ ስሕተቱን እስካሁን ያገኘው አልነበረም።

ሁለቱን መስመሮች አጋጠመቻቸው። ሰባ ሁለትን ስታልፍ ጋሼ ከኋላዋ የቆሙ መስሏት ዞር ብላ አየች። ፕሮግራሙ አሰላ፤ ድልድዩ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ። ሙላት የለም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ አለቃው ሰዓቱን እያየ።

«በኮምፓይለሩ አዎ። በወንዙማ ማን እርግጠኛ ይሆናል? ድልድዩ ሥር እኔ እቆማለሁ። ከተሳሳትኩ መጀመሪያ የምርሰው እኔ ነኝ።»

«መኪናው አጠገብሽ ይቁም» አለ አለቃው። «እስክትናገሪ ግን ማንም እንዳይጮህ።»

ትንሿን ፕሮግራም ለበጎ ፈቃደኞቹ ልካ ወጣች።

በዘጠኝ ሰዓት ከድልድዩ በታች ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። አንዲት ሴት በሯ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። አክስቴ ከመለኪያው እንጨት ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ እንጨቱ ትመላለሳለች። ጋሼ ካርድ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው መጡ።

«ሰባ ሁለትን አለፍሽ አሉ።»

«አለፍኩ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እስቲ ቁጭ በይ አንቺ ልጅ። የውኃውን ራስ አዞርሽው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ጽፎላት ነው። «ጥፋቱ የኛ ነው፤ መስመር ሲያልቅ ቆጣሪው የቀረውን ይረሳል። እናርመዋለን። ፋይልሽን ከመፈተሻዎቻችን ጋር ብናኖረው ትፈቅጃለሽ?» ከአምስቱ ቁጥሮች ሦስተኛው የድልድዩ ነበር። እንግዲህ ያ ኮምፓይለር በተነካ ቁጥር፣ አይተነው በማናውቀው አገር ያለ ማሽን የወንዛችንን ከፍታ ያነባል! እኔ በኋላ ይህን ስትነግረኝ ቆሜ ቀረሁ፤ እሷ ግን «ይቻላል» ብላ ጽፋ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

አሥር ሰዓት ሆነ። እንጨቱ ላይ ውኃው አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ነው።

«እትዬ» አለ ባለ ድምፅ ማጉያው፣ «ወንዙ ዛሬም ቀረ።»

«ዛሬ መች ጠራነው?» አለችና፣ ሁለቱ ሴንቲ ሜትር ከየት እንደመጡ ልታይ ከድንጋዩ ተነሣች።